የማይዞር ቁልፍ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ መምህሬ «አንተ ወንበር ታሞቃለህ እንጂ አትማርም» ያለኝ ጊዜ በመስኮቱ በኩል ከኋላ ሁለተኛው ዴስክ ላይ ነበርኩ። አጎቴ በእህቴ ሠርግ ላይ ዘመዶቹን ለእንግዶች ሲያስተዋውቅ «ይሄ ዶክተር ነው፣ ይሄ ኢንጂነር ነው» ሲል ቆይቶ እኔ ጋ ሲደርስ «ይሄ ደግሞ… ያው ነው» ብሎ አልፎኛል። «ያው ነው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም። ከሁሉ የከፋውን ስድብ የሰደበኝ ግን አንደኛ ነው። ማክሰኞ ነው፤ ከምሳ በኋላ፣ ካፊያ ሲጥል፣ በገዛ ሱቄ ደጃፍ።

አንደኛ ስሙ አይደለም። የፋርማሲ ተማሪዎች ያወጡለት ነው፤ ፈተና በመጣ ቁጥር ሌላ ቦታ ወጥቶ ስለማያውቅ። እኔ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ቁልፍ ቀራጭ ነኝ። ሱቄ ከአልጋ ብዙም አትሰፋም፤ አንድ ማሽን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ሙሉ ያልተቀረጸ ቁልፍ። ያን ዕለት ተማሪዎቹ ዝናቡን ሽሽት ከቆርቆሮዬ ሥር ተጠለሉ። እሷም ነበረች፤ አግዳሚዬ ላይ እየተቀመጠች የምታጠናው የፋርማሲ ተማሪ። ነጩን ጋዋኗን በራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከሰው መሃል እኔን ብቻ በዓይኗ ሰላም ብላኝ ቆመች። ሰላምታዋን አንደኛ አየ።

«ቁልፍ ቀራጩ፣ አንተ ማን እንደሆንክ ታውቃለህ?» አለኝ።

«አላውቅም፣ ንገረኝ» አልኩ፤ ጨዋታ መስሎኝ።

«አጋጅ ነህ። ፋርማኮሎጂ ውስጥ አጋጅ የሚባል መድኃኒት አለ። የቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ግን አይዞርም። እሱ በሩን አይከፍት፣ ሌላውን አያስገባ! ዝም ብሎ ቦታ ይይዛል።»

ሁለቱ ጓደኞቹ ሳቁ። የነሱ ሳቅ አልከፋኝም፤ የጓደኛ ሥራው መሳቅ ነው። ዓይኔ ግን ወደ እሷ ሄደ። አቀርቅራ፣ በጋዋኗ ጫፍ አፏን ሸፍና፣ ፈገግ ብላለች። ያን ፈገግታ አየሁት። ዝናቡ አባርቶ ሲሄዱ የያዝኩትን ቁልፍ ማሽኑ አበላሽቶት አገኘሁ።

* * *

እንዴት እንደተዋወቅን ልንገራችሁ፤ ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባል የለ።

የሳጥኗ ጓጉንቸር እምቢ ብሏት መጣች። ከፈትኩላት። ሄደች ስል አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። «እዚህ ትንሽ ላጥና? አክስቴ ቤት ቴሌቪዥኑ አያስጠናም» አለች። ትንሽ ያለችው ወቅት አለፈው። ፊዚዮሎጂ የሰው አካል እንዴት እንደሚሠራ ነው፤ ፋርማኮሎጂ ደግሞ መድኃኒት አካል ውስጥ ገብቶ የሚያደርገው ነው። ይህን ያወቅኩት ጮክ ብላ ስለምታጠና ነው። ለኔ ካላስረዳች አይገባትም፤ እኔ ደግሞ ሲያስረዱኝ ተቆጥተው እንጂ እንደሷ እየሳቁ አስረድተውኝ አያውቁም።

«ሐሞት ምን ይሠራል?» ትለኛለች።

«ወንድ ያደርጋል።»

«ስብ ይፈጫል!»

«ታዲያ ሐሞተ ቢስ የሚባለውስ?»

«ቅባት የማይስማማው ሰውዬ ነዋ!»

«በቃ ጨጓራዬን አትላጪው።»

«አይላጥም፤ ሽፋኑን በየጊዜው ራሱ ይቀይራል።»

«ሆድ ባሰኝ ስልሽስ? ሆድ እንዴት ነው የሚብሰው?»

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋ አድርጋ ታስባለች። «እሱን መምህርቷን እጠይቅልሃለሁ።»

አንድ ቀን ልብ የሚለውን ምዕራፍ ስታጠና «እጅህን አምጣ» አለችና ሁለት ጣቷን አንጓዬ ላይ አሳረፈች። ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነው። ቆየች። «ልብህ ለምን ይሮጣል? ተቀምጠህ እኮ ነው» አለች። ምን ልበላት? ሰባተኛ ክፍል ላይ መልስ ያጣሁት ሳያንስ። «አላውቅም፤ ሐኪሟ አንቺ ነሽ» አልኩ። ቆጥራ ከጨረሰች በኋላ ጣቶቿን አላነሳችም። ጎረቤቴ፣ ፎቶኮፒ የምታነሳው ትልቅ ሴትዮ፣ በመስኮቷ ብቅ ብላ አየችንና «ኧረ ወረቀት አለቀብኝ!» ብላ መስኮቱን ዘጋችው። ወረቀት ከማለቅ ጋር መስኮት መዝጋት ምን እንደሚያገናኘው እሷ ታውቃለች።

እንዲህ ነበርን። ልቤ ሙሉ ነበር፤ የሞላ ነገር ደግሞ ሲነኩት ይፈሳል።

ማክሰኞ አንደኛ ሰደበኝ፤ ሐሙስ አክስቷ መጣች። ያለቀለት ጨዋ ሴት ናት። የጓዳ ቁልፍ እንድቀርጽላት ሰጠችኝና ማሽኑ እስኪያቆም ጠበቀች።

«ጥሩ ሰው ነው ይሉሃል። እኔም እንደዚያ ነው ያየሁህ» አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ስለዚህ እንደ ጥሩ ሰው ላነጋግርህ። ልጅቷ ፋርማኮሎጂ ወደቀች። ነግራሃለች?»

አልነገረችኝም። ፊቴ ነገራት።

«አንድ ድጋሚ ፈተና አላት። እሱን ከወደቀች ትምህርቱ ቀረ፤ ወደ አባቷ ትመለሳለች። አባቷ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፣ ልቡን ታሞ ቤት ከዋለ ቆየ። ተስፋው እሷ ናት። ያ አንደኛ የሚሉት ልጅ ሊያስጠናት ፈቃደኛ ነው። እሷ ግን ከዚህ አግዳሚ አልነሳ አለች።» ቁልፏን ከእጄ ወሰደችና በቀስታ፣ እናት በምትመክርበት ድምፅ፣ «ቦታውን ልቀቅለት፣ ልጄ» አለችኝ።

ቦታውን። አንደኛ «ቦታ ይይዛል» አለ፤ አክስቷ «ቦታውን ልቀቅ» አለች። ሳይመካከሩ ከተስማሙማ እውነት ነው ማለት ነው አልኩ። ብትሰድበኝ እኮ ደግ ነበር፤ ስድብ እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ። ልጄ ስትለኝ ግን የማስቀምጥበት ጠፋኝ።

* * *

ስልኬ ላይ «ዛሬ ልምጣ?» ብላ ስትጽፍ «ሥራ በዝቶብኛል» ብዬ መለስኩ። በማግስቱም «ሥራ በዝቶብኛል»። ፎቶኮፒዋ ሴትዮ ባዶ ሱቄን አየችና «የበዛው ሥራ የቱ ጋ ነው ያለው? እስኪ እኔም ልየው» አለችኝ። ማሽኔን መወልወል ጀመርኩ።

«ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም።»

«ታዲያ ኮራህ።»

«እኔ በምኔ ነው የምኮራው?»

«እሱ ነው የባሰው! የሚኮራበት የሌለው ሰው ኩራት መድኃኒት የለውም» አለችና ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

ከዚያ ልጅቷ ራሷ መጣች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ መጽሐፉን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። አግዳሚው ላይ አልተቀመጠችም፤ ቦርሳዬን ሆን ብዬ ዘርግቼበት ነበር።

«ታመምክ?»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ምን አደረግኩህ?»

«ምንም። ሂጂ አጥኚ።»

«የማጠናው እኮ እዚህ ነው።»

«እዚህ ቁልፍ ነው የሚቀረጸው።»

ቦርሳውን አየችው፤ እኔን አየችኝ። «አክስቴ መጥታ ነበር፣ አይደል? የጓዳው ቁልፍ ሁለት ሆኖ ሳይ ጠርጥሬያለሁ። መውደቄንም ነገረችህ። እኔ ልነግርህ ፈርቼ ነው። ምን ብላህ ነው?»

«አክስትሽ ያሉት ልክ ነው። ከሚያስቁሽ ጋር አጥኚ።»

«ከሚያስቁኝ?» ግንባሯን ቋጠረች። «መቼ ነው ደግሞ እኔ የሳቅኩት?»

«ማክሰኞ» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲበራ አየሁ፤ ማስተባበያ ልትፈጥር ነው ብዬ ማሽኑን አስነሳሁት። ማሽኑ ብረት ሲበላ የሚጮኸው ጩኸት የራስን ሐሳብ አያሰማም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ቃሉ አይሰማኝም። ጨርሳ ጠበቀች። ቀና አላልኩም። ሄደች።

ማሽኑን ሳጠፋው ፎቶኮፒዋ ሴትዮ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ደጃፌ ቆማለች።

«ሰማሻት? ምን አለች?»

«ሰምቻለሁ። አልነግርህም። ለምን አስነሳኸው?»

ምላስ አጥንት የለውም፤ ግን አጥንት ይሰብራል ይላሉ። ዝም ያለ ምላስም እንደሚሰብር የዚያን ቀን አወቅኩ፤ የተሰበረው ግን የማን እንደሆነ ገና አልለየሁም ነበር።

* * *

የድጋሚው ፈተና ዕለት ጠዋት ሱቄን እየከፈትኩ ሳለ የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ከበሩ ማዶ ጮኸ።

«ቁልፍ ቀራጭ! ቦርሳህን ይዘህ ቶሎ ና! ፕሮፌሰሯ ውጭ ቆመዋል!»

ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። የፊዚዮሎጂ ቤተ ሙከራው በር ተዘግቷል። በመስታወቱ የማስተማሪያው አፅም ራስ ይታያል፤ እሱ ብቻ ነው ውስጥ የገባው። ኮሪደሩ ላይ ተማሪዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ለድጋሚው የመጣችው እሷ፣ ለማዕረግ ፈተና የመጡት እነአንደኛ። ሽበታሟ ፕሮፌሰር መስኮቱ ደፍ ላይ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩ።

«ቁልፍ ውስጡ ተሰብሮ ቀረ» አሉ ፕሮፌሰሯ። «አንደኛን ክፈት ብዬ ሰጠሁት። ከመዓት ቁልፍ መሃል ያልሆነውን መርጦ፣ በጉልበት ጠመዘዘው።»

አንደኛ ጫማውን ያያል። እኔም ብዙ አላየሁትም፤ ልጁ በሕይወቱ የመጀመሪያ ስህተቱን ሠርቶ ሊሆን ይችላል።

እሷ ከግድግዳው ጫፍ ናት። ጋዋኗ ተተኩሷል፤ መጽሐፉን ግን ገልብጣ ይዛዋለች። አንገቴን ደፍቼ በሩ ሥር ተንበረከክኩ። ስብርባሪው ጠልቆ ገብቷል፤ ጫፉ እንኳ አይያዝም። ቀጭኗን ሽቦ ሰደድኩ፤ ጎበጠች። ሌላ ሰደድኩ፤ እሷም ጎበጠች። ጀርባዬን ላብ አጠመቀው።

«መቼም እዚህ ቆመን አናረጅም» አሉ ፕሮፌሰሯ። «ከዚሁ እንጀምር። ለድጋሚው የመጣችው የታለች? ነይ ልጄ። ይሄ በር ምን እንዳገኘው በፋርማኮሎጂ ንገሪኝ።»

ሁለት ተማሪዎች ሳቁ። ከኋላዬ እግሯ ሲቀርብ ሰማሁ። ከጀርባዬ መጥታ ቆመች፤ ወደ በሩ ስትጠቁም የጋዋኗ እጅጌ ትከሻዬን ነካኝ።

«የሰውነታችን ሴሎች ላይ ተቀባይ የሚባሉ አሉ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኖ። «እንደዚህ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ናቸው። የራሱ ቁልፍ ሲገባ ይዞርና ሥራ ይጀመራል። አሁን ግን የራሱ ያልሆነ ገብቷል። አይዞርም። ትክክለኛው ቁልፍም ቢመጣ ቦታ የለውም።»

«ምን ይባላል?»

«አጋጅ።»

ሽቦዬ ቀዳዳው ውስጥ ቆመ። እዚያው እንደተንበረከክኩ አንደኛ ያወጣልኝን ስም ጠራችው፤ ተማሪው ሁሉ እያየ። አንደኛ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ።

«ጥሩ። እና በር የማይከፍት ቁልፍ ማን ይፈልጋል?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

ከኋላዬ እግሯን ስታቀያይር ሰማሁ። ጠፋት ብዬ ልቤ ወደቀ፤ ስድቡንም አክስቷንም ረሳሁ። ቀና ብዬ የማላውቀውን መልስ ልነግራት ቃጣኝ። ይኼኔ ነው የተናገረችው።

«አባቴ ይፈልጋል» አለች።

ማንም አልሳቀም።

«አባቴ አውቶቡስ ነጂ ነበር። ልቡ ያለ ሥራው ይሮጣል። ትንሽ ሲደነግጥ አድሬናሊን መጥቶ የልቡን በር ይደበድበዋል፤ ልቡ ደግሞ አይችለውም። አሁን አጋጅ ይወስዳል። ክኒኗ ሄዳ በሩ ላይ ትቀመጣለች። ምንም አትከፍትም። ቁጭ ብቻ። አድሬናሊኑ ሲመጣ ቦታው ተይዞ ያገኘዋልና ይመለሳል። ልቡ ያርፋል።» ድምፅዋ ደነደነ። «አባቴ ዛሬም ጠዋት ተነስቶ ደውሎልኛል። የደወለልኝ በማይዞር ቁልፍ ነው።»

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አደረጉ። «ይህን ባለፈው ፈተና ላይ የት አስቀምጠሽው ነበር?»

«አክስቴ ቤት ብቻዬን ሳጠና ይጠፋኛል። የሚያዳምጠኝ ሰው ሲኖር ነው የሚመጣልኝ።»

«ቀጥዪ። አጋጁን ከቦታው የሚያነሳው ምንድን ነው?»

«ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተፎካካሪ ነው፤ ትክክለኛው ቁልፍ በዝቶ በዝቶ ከመጣ ይገፋውና ያነሳዋል።»

«ሁለተኛውስ?»

መልሷን ለፕሮፌሰሯ ሳይሆን ወደ ታች፣ ወደኔ፣ ስትሰጠው ተሰማኝ። ቀና አልኩ። ከመጣሁ የመጀመሪያዬ ነው። ዓይኖቿ እዚያው ጠበቁኝ።

«ሁለተኛው አንዴ ከተቀመጠ አይነሳም። ሰው ቢመጣ፣ ቢገፋ፣ ቢመክር… አይነሳም። ሰውነት በሩን አፍርሶ እንደ አዲስ ካልሠራ በቀር።»

«ቢመክር የሚል መጽሐፉ ላይ የለም» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«የለም» አለች። ዓይኗን አላነሳችም።

እጄ ከዚያ ወዲያ የኔ አልነበረም። ሽቦው በራሱ ጊዜ ስብርባሪውን ነክሶ ሳብ አደረገው፤ የነሐሱ ስባሪ ዱብ ብሎ መዳፌ ላይ ወደቀ። እውነቱን ለመናገር አዝኜለት ነበር፤ ቦታውን ይዞ በሰላም በተቀመጠበት። ፕሮፌሰሯ ትክክለኛውን ቁልፍ ሰጡኝ። ከተትኩት። ዞረ።

«ግቢ ልጄ» አሏት። «የቀረውን ውስጥ ቁጭ ብለን እንጨርሳለን። በሩን እንኳ አልፈሽዋል።»

ስታልፍ በአጠገቤ ዝግ አለች። ለሌላ ሰው በማይሰማ ድምፅ፣ አግዳሚው ላይ ሆና የምትናገርበት ድምፅ፣ እንዲህ አለችኝ።

«ማክሰኞ የሳቅኩት ለዚህ ነው። እሱ ሲሰድብህ እኔ አባቴ ትዝ አለኝ። አንተ ፊት ስሆን ፍርሃቴ ይመጣና ቦታው ተይዞ ያገኘዋል። ይህን ልነግርህ መጥቼ… ማሽንህን አስነሳህብኝ።»

«አሁን ሰምቻለሁ» አልኩ።

«ያንን ቦርሳ ከአግዳሚው አንሳው እንግዲህ» አለችና ገባች።

ሆድ እንዴት እንደሚብስ እንጂ ሆድ እንዴት እንደሚሞላ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ካቻቢቴዬን፣ ፒንሳዬን፣ የጎበጡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ሰበሰብኩ። እጄ አይቸኩልም። አጎቴ «ያው ነው» ያለኝ ሰው ይሄ ከሆነ፣ ያው መሆን ደህና ነገር ነው።

ተነስቼ ጉልበቴን ሳራግፍ አንደኛ ከግድግዳው ተላቀቀ። ቀጣዩ ተራ የሱ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። ጓደኞቹ ያዩታል።

«ቁልፍ ቀራጩ» አለ ጮክ ብሎ፣ «ዛሬስ ማስተማሪያ ሆንክ! ከአፅሙ ጎን ያቆሙህ ይሆናል። ምን ይመስልሃል?»

ጓደኞቹ ሳቁ።

መልስ ነበረኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ ስሞርደው የከረምኩት፣ ጫፉ ሹል የሆነ መልስ። ዛሬ ደግሞ እሱ የሰበረው ነሐስ ራሱ እጄ ላይ ነው፤ ገልጬ ባሳየው ይበቃ ነበር። ስድቡ መጣ፤ እንደ ልማዱ ቦታውን ፈለገ፤ ቦታው ተይዟል። ከበሩ በስተጀርባ የሷ ድምፅ ይሰማል፤ እያስረዳች ነው፣ አይንቀጠቀጥም።

«ምነው ዝም አልክ?» አለ አንደኛ።

ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አደረግኩና ደረጃውን ወረድኩ።